የሐሙስ ሌሊት ውሃ

ኤውፍራሲዮ ሞተ፤ መዝገቡ ግን አለ፣
ጠርዙን አይጥ የበላው፣ ጥራዙ የዛለ።
ከአልጋው ስር ወጣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣
የቦዩን ቁልፍ ይዞ፣ ፋኖሱን አክሎ።

ሰኞ የብራውልያ፤ ከጎህ እስከ ረፋድ፣
ማክሰኞ የኒካሲዮ፤ ከወፍጮው ታች ላለው ማሳ በዘልማድ፣
ረቡዕ የቤተ ክርስቲያን፤ ቄሱ ለሽንኩርቱ
ከቅዳሴ ይልቅ ይነቃል በሰዓቱ።
ሐሙስ ሌሊት ላይ ግን የተጻፈ ስም የለም፤
አልደበዘዘም እኮ፤ ከጥንቱም አልነካው ቀለም።

የእናቴ አጎት ነው። የውሃ አባት ነበር አርባ ሁለት ዓመት፣
ተራውን ያለ ሰዓት፣ በጥላና በኮከብ ሲመራት።
ደሞዙ ከየቤቱ አንድ ቁና አጃ፣ ካሳማው አንድ ጎድን፣
ከተጣሉ ወንድማማቾች ደግሞ እርግማን።

ፋኖስ ያዥ ነበርኩኝ በዘጠኝ ዓመቴ፣
የወንድሜ ካፖርት ወርዶ ከጉልበቴ።
ጣራችን ግራጫ ጭቃ ነው፤ ጨረቃ ስትጎድል ይለሰናል፣
ስትሞላ ከለሰኑት ያፈሳል ይባላል፤
ከጣራዎቹ በላይ፣ በካስታኛው ጥሻ፣
ውሃው ይቀድመናል እንደ አዳኝ ውሻ።
ያቺን አንድ ድንጋይ በዶማው ፈንቅሎ
ይለቀው ነበረ፣ ጠፍ መሬቱን «ጠጣ» ብሎ።
«የማን ነው?» ስለው፦ «የባለቤቱ»
ብሎ ሳል ጀመረው፣ ያን የትንባሆ ሳል፣ ከስሩ፣ ካንጀቱ።

ነገሩን የሰማሁት ከካስታ ነው፤ አሳማ በታረደ ዕለት፣
እስከ ክርኗ ደም ሆና፣ ምንጩ ዳር አንጀት ስታጥብበት፦

«ድሮ» አለች «የኛ ሰዎች ሳይመጡ ከሰሜን፣
ዝናብ ብቻ የሚያውቁ፣ ቦይ ያላዩ በዘመን፣
ሌሎች ነበሩበት፤ ይህን እርከን የካቡ፣
እንጆሪ የተከሉ፣ ሐር ትል የመገቡ፣
በአረብኛ ቆጥረው ውሃ የሚካፈሉ።
አንድ ክረምት ንጉሡ «ውጡ!» አለ፤ ወጡ ሁሉ።
በገመድ ታስረው ተነዱ፤ በረዶው በላ ግማሹን፤
አንድ ሰው ብቻ አስቀሩ፣ እንዲያሳይ የውሃ መንገዱን።
የኛዎቹ ገቡ። ምድጃው ትኩስ ነበር።
ስለዚያ ማንም አልተነፈሰ፤ እስካሁን ድረስ፣ በዚህ አገር።

«ያ የቀረው ሰውዬ፣ ስሙን አላቆዩልንም፣
እርከን በእርከን ይዟቸው ዞረ፤ ምንም አልደበቀም፤
ከበረዶው ግርጌ እስከ ታች ወይራው፣
የቱ ድንጋይ ሲነሳ የቱ ማሳ እንደሚጠጣ አሳየ በተራው።
ሲጨርስ አንድ ነገር ለመነ፤ አንዲት ሌሊት፦
‹ሐሙስን ለኔ ተዉልኝ፤ የቤቴ ሰዎች ምናልባት...›
ሳይጨርሰው ቀረ። በጸደዩም ሞተ።
የኛዎቹ ጨካኝ ነበሩ፤ ግን የለም ያቺን ሌሊት የሸመተ።»
ይህን ብላ አንጀቱን ገለበጠችው፣ ጨው አምጪ አለችኝ።

ዛሬ በቤንሐዛር አስራ አራት ጭስ ቀረ፤
ሌላው ባርሴሎና ለፋብሪካ ገበረ።
የላስቲክ ቱቦ ሊቀብር ማዘጋጃው ወስኗል፤
ከግራናዳ የመጣው መሃንዲስ «ቦያችሁ ያፈሳል» ብሎናል፤
«ግማሹ ይባክናል።»
ልክ ነው፣ ያፈሳል። ካስታኛው ከዚያ ነው የሚጠጣው፣
የታችኛው ምንጭም ከዚያ ነው የሚመጣው።
እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም፤ ፊርማዬን ነው የፈለጉት፣
ወራሽ እኔ ነኝና ወረቀቱን ዘረጉት።
አንድ መስመር አለበት፦ «የሐሙስ ሌሊት ውሃ፣ ባለቤት፦»
ከጎኑ ነጥብ ነጥብ፣ ለስም የተተወለት።
«ጻፊ» አለኝ የማዘጋጃው ልጅ፤ እስክሪብቶ አቀበለኝ።
ቀኑ ሐሙስ ነበር። «ነገ» አልኩት፤ «ዛሬ ማታ ሥራ አለኝ።»

ፋኖሱ አልበራ አለ፤ የስልኬን መብራት ይዤ ወጣሁ፤
ድንጋዩን ሦስቴ ሳትኩት፤ በአራተኛው እጄን ቆርጦኝ አገኘሁ።
ውሃው ቆም አለ፣ እንደሚጠራጠር በቅሎ፤
ከዚያ ገባ ወደ ዳዋው፣ ደረቅ ቅጠል አዝሎ።